የበሩ ጠባቂ ሲሳሳት

(በዚህ ምንባብ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።)

ካርቱም ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ በሚገናኙበት ሥፍራ የተቈረቈረች ከተማ ናት። ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙበት ቦታ በዐረብኛ «ሞግረን» ይባላል። ከዚያው አጠገብ ቱቲ የምትባል ደሴት ትገኛለች። በኢትዮጵያ ደጋ ክረምቱ ሲበረታ ጥቁር ዓባይ ደለሉን ተሸክሞ ይሞላል። በዚያን ወቅት የቱቲ ነዋሪዎች የወንዙን ዳርቻ ቀንም ሌሊትም በየተራ የመጠበቅ ልማድ አላቸው። ውሃው ከግድቡ አፋፍ መድረሱን ያየ ጠባቂ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጣራል፤ መንደሩም ተሰብስቦ በአፈርና በጆንያ ዳርቻውን ያጠነክራል። ይህን የኅብረት ሥራ ሱዳኖች «ነፊር» ይሉታል፤ እኛ ደቦ ከምንለው ጋር ይመሳሰላል።

ውሃ ከተከለለለት ወሰን ሲያልፍ የሚያደርሰውን ጉዳት ለካርቱም ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በ1980 ዓ.ም. ክረምት፣ እንደዚሁም በ2012 ዓ.ም. ክረምት የደረሱት ጎርፎች ብዙ ሺህ ቤቶችን አፍርሰዋል። በዚህ ትምህርት ግን የምንመለከተው ሌላ ዓይነት ጎርፍ ነው። እርሱም ውሃ ሳይሆን ቍጥር ነው፤ የሚፈሰውም በወንዝ ሳይሆን በሽቦና በአየር ነው። የሚገድበውም በኮምፒውተርና በስልክ ውስጥ የሚገኝ፣ በዓይን የማይታይ አንድ በር ጠባቂ ነው።

ሀ. መልእክት የሚመጣበት በር

ካርቱም ለብዙ ዓመታት ኢትዮጵያውያን በስደትም በሥራም የኖሩባት ከተማ ናት። በተለይም ዴይምና ጅሬፍ በሚባሉት ሰፈሮች የአማርኛና የትግርኛ ድምፅ፣ የቡና ጢስና የእንጀራ ሽታ የተለመደ ነበር። ከአገሩ የራቀ ሰው ከቤተ ሰቡ ጋር የሚገናኘው በቀድሞው ዘመን በደብዳቤ፣ ኋላም በኢንተርኔት ቤት፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ በእጅ ስልኩ ሆነ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተጀመረ። በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ በሱዳን ውስጥ የሚሠሩት ታላላቅ የስልክ ኩባንያዎች አገልግሎት ተቋርጦ አብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ከኢንተርኔት ውጭ ሆኖ ነበር። ያን ጊዜ ሰዎች ከሳተላይት ጋር የሚገናኙ መሣሪያዎችን በየቦታው ተክለው፣ በሰዓት እየከፈሉ፣ ብዙ ሆነው በአንድ መሣሪያ መጠቀም ጀመሩ። ጥሬ ገንዘብ በመጥፋቱም ብዙው ሰው የካርቱም ባንክ በስልክ የሚሰጠውን «ባንካክ» የተባለ አገልግሎት የሙጥኝ አለ። እንግዲህ ለእነዚህ ሰዎች የመረቡ በር ማለት የእናት ድምፅ፣ የዕለት እንጀራና የማምለጫው መንገድ ወሬ በአንድነት የሚገቡበት በር ነው። በሩ ጤናማ መሆኑ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

ለመሆኑ ይህን በር የሚጠብቀው ማን ነው?

ለ. ድራይቨር ምንድን ነው?

ማንኛውም ኮምፒውተር ሥራውን የሚመራለት አንድ ዋና ፕሮግራም አለው፤ ይህም ሥርዓተ ክወና ይባላል። ዊንዶውስ፣ ሊኑክስና አንድሮይድ የዚህ ምሳሌዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ሥርዓተ ክወናው በዓለም ላይ የተሠራውን የመረብ ካርድና የዋይፋይ መሣሪያ ሁሉ ጠባይ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ ለየመሣሪያው አስተርጓሚ ሆኖ የሚያገለግል ልዩ ፕሮግራም ያስፈልገዋል። ይህ ፕሮግራም ድራይቨር ይባላል፤ ነጂ ማለት ነው። ጋሪ ነጂ የፈረሱን ጠባይ አውቆ እንደሚነዳ ሁሉ፣ ድራይቨርም የመሣሪያውን ጠባይ አውቆ ያሠራዋል።

የመረብ ድራይቨር ከሌሎች ድራይቨሮች የሚለይባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ከውጭ የሚመጣውን መልእክት አስቀድሞ የሚቀበለው እርሱ ነው። መልእክቱን የላከው ወዳጅ ይሁን ጠላት ገና አልታወቀም፤ የይለፍ ቃልም ገና አልተጠየቀም። ሁለተኛ፣ ድራይቨሩ በብዛት የሚሠራው በሥርዓተ ክወናው እምብርት ውስጥ ነው። እምብርቱ የኮምፒውተሩን ክፍል ሁሉ ለማዘዝ ሥልጣን አለው። እንግዲህ በር ላይ የቆመው ዘበኛ የግምጃ ቤቱንም ቁልፍ በወገቡ ታጥቋል ማለት ነው። እርሱ ከተታለለ ቤቱ በሙሉ ተያዘ።

ሐ. ስሕተቱ እንዴት ይፈጠራል?

ኮምፒውተር የሚሠራበትን ነገር ሁሉ ለጊዜው የሚያኖረው ማኅደረ ትውስታ በሚባለው ክፍል ነው። ማኅደረ ትውስታ በረድፍ ከተደረደሩ፣ በቍጥር ከተለዩ ትንንሽ ቤቶች ጋር ይመሳሰላል። ድራይቨሩ መልእክት ሲመጣለት ከእነዚህ ቤቶች የተወሰኑትን ይረከባል፤ መልእክቱን ያኖርባቸዋል፤ ሲጨርስም መልሶ ያስረክባል። በዚህ ሥራ ላይ በብዛት የሚታዩት ስሕተቶች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ሞልቶ መፍሰስ ነው። አምስት ቁና በሚይዝ ጎተራ ላይ ስምንት ቁና እህል ቢገለበጥበት ትርፉ ወደ ጎረቤት ጎተራ ይፈስሳል። በማኅደረ ትውስታም እንዲሁ ነው። የፈሰሰው ቍጥር ከጎኑ የነበረውን ሌላ ነገር ያጠፋል። ክፉ ሰው ደግሞ ምን እንደሚፈስስ ራሱ ይመርጣል፤ በትርፉ ውስጥ የራሱን ትእዛዝ ሸሽጎ ይልካል።

ሁለተኛው ከወሰን አልፎ ማንበብ ነው። አንድ ሰው ዐሥር ፊደል ብቻ ልኮ «የላክሁልህን መቶ ፊደል መልስልኝ» ቢልና ድራይቨሩ ሳይመረምር ቢታዘዘው፣ ዘጠናው ፊደል ከጎረቤት ቤት ተወስዶ ይላካል። በዚያ ቤት ውስጥ የይለፍ ቃል ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ከለቀቁ በኋላ መጠቀም ነው። ተከራይ ቤቱን ለባለቤቱ አስረክቦ ቁልፉን ግን በኪሱ ይዞ ሄደ እንበል። ቤቱ ለሌላ ሰው ከተከራየ በኋላ የቀድሞው ተከራይ የራሱ መስሎት ገብቶ ዕቃ ቢያነሣና ቢጥል ሁከት ይፈጠራል። ድራይቨርም ያስረከበውን ማኅደር አድራሻ ሳይረሳ ቀርቶ ዳግመኛ ሲጠቀምበት የሚሆነው ይህ ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሊኑክስ የዋይፋይ ክፍል ውስጥ ይፋ ከሆኑት ጉድለቶች አንዱ ከዚህ ወገን ነበር።

ለእነዚህ ስሕተቶች መብዛት አንዱ ምክንያት ቋንቋው ነው። አብዛኞቹ ድራይቨሮች የተጻፉት «ሲ» በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ይህን ቋንቋ ዴኒስ ሪቺ የተባለ አሜሪካዊ በ1960ዎቹ አጋማሽ በቤል ላቦራቶሪ ፈለሰፈው። ሲ ፈጣንና ቀጥተኛ ነው፤ ነገር ግን ባለሙያውን ፈጽሞ ያምናል። «ይህ ጎተራ አምስት ቁና ነው የሚይዘው» ብሎ አያስጠነቅቅም። የመስፈሩን ኀላፊነት ሁሉ ለጻፊው ይተዋል፤ ጻፊው ደግሞ ሰው ነውና ይሳሳታል።

መ. አንዲት ያልተሰረዘች አኃዝ

የዚህ ዓይነት ስሕተት ዓለምን ካስጨነቀባቸው ጊዜያት አንዱ ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው። በዚያን ዕለት «ዋናክራይ» የተባለ ክፉ ፕሮግራም ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር እየተዛመተ፣ ሰነዶችን እየቈለፈና ማስፈቻ ገንዘብ እየጠየቀ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ከ200,000 የሚበልጡ ኮምፒውተሮችን አጠቃ። በእንግሊዝ አገር አንዳንድ ሆስፒታሎች በሽተኞችን ለመመለስ ተገደዱ።

ፕሮግራሙ የገባበት ቀዳዳ የሚገኘው ፋይሎችንና ማተሚያዎችን በመረብ በሚያጋራው የዊንዶውስ ድራይቨር ውስጥ ነበር። ስሕተቱን በምሳሌ እንመልከት። አንድ ጸሐፊ በመዝገብ ላይ 10,000 ብሎ የጻፈውን ቍጥር ወደ 9,700 ዝቅ አድርጎ ሊያርም ፈለገ እንበል። ነገር ግን የመጨረሻዎቹን አራት አኃዞች ብቻ ፍቆ በእነርሱ ቦታ 9700 ጻፈ፤ ከፊት ያለችውን 1 ግን ሳይሰርዝ ተዋት። በመዝገቡ ላይ የሚነበበው 19,700 ሆነ። ማነስ የነበረበት ቍጥር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው!

በድራይቨሩ ውስጥ የሆነውም ይኸው ነው። የመልእክቱ ርዝመት የተመዘገበው በ32 ቢት ሲሆን፣ ሲታረም ግን የታችኛው 16 ቢት ብቻ ተጻፈ፤ የላይኛው እኩሌታ እንደነበረ ቀረ። ድራይቨሩ የተረከበው ማኅደር በትንሹ ቍጥር ልክ ነበር፤ ወደ ማኅደሩ የገለበጠው መልእክት ግን በትልቁ ቍጥር ልክ ሆነ። ስለዚህ ሞልቶ ፈሰሰ።

ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ማይክሮሶፍት የዚህን ጉድለት ማረሚያ ያወጣው መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው። ጥቃቱ የደረሰው ከዚያ 59 ቀን በኋላ ነው። መድኀኒቱ ተገኝቶ ሳለ በሽታው የገደለው መድኀኒቱን ያልወሰዱትን ነው።

ሠ. እርማቱ እንዴት ይሠራል?

አሁን ደግሞ የእርማቱን ሥራ በሌላ ምሳሌ እንይ። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ኒኮላስ ዋይስማን የተባለ የደኅንነት ባለሙያ ሪልቴክ ለተባለው የዋይፋይ መሣሪያ በተጻፈው የሊኑክስ ድራይቨር ውስጥ ለዓመታት ተሸሽጎ የኖረ ጉድለት ማግኘቱን አስታወቀ። ሁለት መሣሪያዎች ያለ አገናኝ በቀጥታ ሲነጋገሩ አንደኛው ለሌላው «በዚህ በዚህ ጊዜ አልገኝም» የሚል ማስታወቂያ ይልካል። ድራይቨሩ ለዚህ ማስታወቂያ ያዘጋጀው ቦታ ሁለት መስመር ብቻ ነበር። ስንት መስመር እንደሚመጣ የሚነግረው ግን ላኪው ራሱ ነው። ድራይቨሩም የላኪውን ቃል አምኖ፣ ሳይቈጥር፣ የመጣውን ሁሉ ይገለብጥ ነበር።

እርማቱ ጥቂት መስመሮች ብቻ ነበሩ። ትርጕሙም «ላኪው ያለው ቍጥር ከሁለት ከበለጠ ሁለት ብቻ ተቀበል» የሚል ነው። እነሆ፣ የብዙው እርማት ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ከመቅዳትህ በፊት ስፈር፤ ከውጭ የመጣን ቍጥር ሳትመረምር አትመን።

ይሁን እንጂ እርማቱ አጭር መሆኑ ሥራው ቀላል ነበር ማለት አይደለም። ሥራው በቅደም ተከተል ሲታይ እንደሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ ጉድለቱን ፈልጎ ማግኘት ያስፈልጋል። ለዚህም ባለሙያዎች ፕሮግራሙን ያነብባሉ፤ እንዲሁም የተበላሹና ያልተለመዱ መልእክቶችን እየፈጠሩ ያለ ማቋረጥ የሚልኩ መሣሪያዎችን ያሰማራሉ። ከሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ጀምሮ ሊኑክስ በየማኅደሩ መካከል የተከለከለ ድንበር የሚያኖር የመመርመሪያ ዘዴ አለው። በሙከራ ጊዜ አንድ ድራይቨር ድንበሩን ሲረግጥ ዘዴው እንደ ቱቲ ጠባቂ ይጮኻል፤ የተረገጠበትንም ቦታ ያመለክታል።

በሁለተኛ ደረጃ ጉድለቱን ለሕዝብ ሳያውጁ ድራይቨሩን ለሚንከባከቡት ሰዎች መንገር ይገባል። ምክንያቱም ቀዳዳው ሳይደፈን ቢነገር ሌባው ከባለቤቱ ቀድሞ ይደርሳል።

በሦስተኛ ደረጃ እርማቱ ይጻፋል፤ ሌሎች ባለሙያዎችም ይመረምሩታል። አንድን ቀዳዳ ሲደፍኑ ሌላ መክፈት እንዳይመጣ፣ ጤናማውም መልእክት እንዳይታገድ በሙከራ ይረጋገጣል። ተመሳሳይ ስሕተት በሌላ ቦታ እንዳይኖርም አብሮ ይፈለጋል።

በመጨረሻም እርማቱ ለተጠቃሚው ይታደላል። ብዙ ሰው ሥራው እርማቱ ሲጻፍ ያለቀ ይመስለዋል። ነገር ግን እርማት ይፋ በሆነ ጊዜ ቀዳዳው የት እንደነበረም አብሮ ይታወቃል። ስለዚህ ያላደሰ ሰው ከቀድሞው ይልቅ ይጋለጣል። እርማት ተፈጸመ የሚባለው ከመጨረሻው ኮምፒውተር ሲደርስ ብቻ ነው።

ረ. መንገዱ ሲዘጋ

እዚህ ላይ ወደ ካርቱም እንመለስ። የአሜሪካ መንግሥት ጥቅምት 24 ቀን 1990 ዓ.ም. በሱዳን ላይ የንግድ ማዕቀብ ጣለ። ማዕቀቡ የታለመው መንግሥቱን ለማስጨነቅ ነበር፤ ነገር ግን ከጊዜ በኋላ የተማሪውንና የሐኪሙን ኮምፒውተር ጭምር ነካ። በጥር 2002 ዓ.ም. «ሶርስፎርጅ» የተባለው የነጻ ፕሮግራሞች ማከፋፈያ ሱዳንን ጨምሮ አምስት አገሮችን ከአገልግሎቱ ከለከለ። በየካቲት 2007 ዓ.ም. ለግል መገናኛ የሚያገለግሉ መሣሪያዎችና ፕሮግራሞች ወደ ሱዳን እንዲገቡ ተፈቀደ፤ ከንግድ ማዕቀቡም አብዛኛው ጥቅምት 2 ቀን 2010 ዓ.ም. ተነሣ።

በእነዚያ ዓመታት ብዙ ሰው የሚጠቀመው ከእጅ ወደ እጅ በሚተላለፍ ቅጂ ነበር። እንዲህ ያለ ቅጂ ብዙ ጊዜ ከምንጩ ጋር ስለማይገናኝ እርማት አይደርሰውም። እርግጥ ነው፣ ይህ ችግር የሱዳን ብቻ አይደለም። በአገራችንም ሆነ በሌሎች አገሮች የዳታ ዋጋ የከበደበት፣ አሮጌ ስልክ የያዘ፣ ወይም ዕድሳቱን «ነገ አደርገዋለሁ» እያለ የሚያሳድር ሰው እርማቱ ሳይደርሰው ይቀራል። በር የዘጋበት ማዕቀብ ይሁን ድህነት ወይም ቸልተኝነት፣ ለጎርፉ ልዩነት የለውም፤ ዝቅ ባለው ዳርቻ ይገባል።

ሰ. አዲስ ዓይነት ጎተራ

ቀዳዳን አንድ በአንድ እየፈለጉ መድፈን አስፈላጊ ቢሆንም ማብቂያ የለውም። ማይክሮሶፍት በ2011 ዓ.ም. እንዳስታወቀው፣ በየዓመቱ ከሚያርማቸው የደኅንነት ጉድለቶች 70 ከመቶ ያህሉ የማኅደረ ትውስታ ስሕተቶች ነበሩ። ስለሆነም ባለሙያዎች ሌላ ጥያቄ አነሡ፤ «ገና ሲሠራ ትርፍ የማይቀበል ጎተራ ብንሠራስ?»

«ራስት» የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ ነው። ይህ ቋንቋ የእያንዳንዱን ማኅደር ባለቤት ይመዘግባል። ቤቱን ያስረከበ ቁልፉንም እንዲያስረክብ ያስገድዳል። ስሕተት ያለበትን ጽሑፍ ገና ከመሠራቱ በፊት አልቀበልም ይላል፤ በሥራ ጊዜ ደግሞ ከወሰን የሚያልፈውን ያስቆማል። ሊኑክስ ይህን ቋንቋ መቀበል የጀመረው በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ሲሆን፣ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በወጣው እትሙ በራስት የተጻፈ የመጀመሪያው የመረብ ድራይቨር ተካትቷል። በአንድሮይድም ዘንድ አዳዲሱን ክፍል እንዲህ ባሉ ቋንቋዎች መጻፍ ከተጀመረ ወዲህ፣ የማኅደረ ትውስታ ስሕተቶች ከጠቅላላው ጉድለት የያዙት ድርሻ በ2011 ዓ.ም. ከነበረበት 76 ከመቶ በ2016 ዓ.ም. ወደ 24 ከመቶ ወርዷል።

ይህ ማለት ግን ችግሩ ተወገደ ማለት አይደለም። በሲ የተጻፈው አሮጌ ድራይቨር እጅግ ብዙ ነው፤ ሁሉን ባንድ ጊዜ ለመለወጥ አይቻልም። ከመሣሪያው ጋር በቀጥታ የሚነጋገረው ክፍልም በራስት ቢጻፍ እንኳ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ስለዚህ አዲሱን ጎተራ እየሠሩ አሮጌውን መጠበቅ ግድ ነው።

የቱቲ ሰዎች ግድባቸውን አንድ ጊዜ ሠርተው አልተኙም። ክረምት በመጣ ቍጥር ይጠብቃሉ፤ የላላውን ያጠብቃሉ፤ የጠራቸውን ሰምተው ይወጣሉ። የመረብ ጥበቃም እንዲሁ ነው። ጉድለትን የሚያገኝ፣ እርማቱን የሚጽፍና የሚመረምር ባለሙያ የየበኩሉን ያደርጋል። ከተጠቃሚው የሚፈለገው ደግሞ ጥሪውን ሰምቶ መነሣት ነው። ስልካችሁ «ማሻሻያ መጥቷል» ሲላችሁ ያ ጽሑፍ ተራ ማስታወቂያ አይደለም፤ ከሩቅ የሚሰማ የጠባቂ ጥሪ ነው።

አዳዲስ ቃላት

ሥርዓተ ክወና፦ የኮምፒውተርን ጠቅላላ ሥራ የሚመራ ዋና ፕሮግራም።
ድራይቨር፦ በሥርዓተ ክወናና በመሣሪያ መካከል የሚያስተረጕም ፕሮግራም።
ማኅደረ ትውስታ፦ ኮምፒውተር የሚሠራበትን ነገር ለጊዜው የሚያኖርበት ክፍል።
እምብርት፦ የአንድ ነገር መካከለኛና ዋና ክፍል።
ማዕቀብ፦ አንድ አገር ከሌላው ጋር እንዳይነግድ የሚደረግ ክልከላ።
የሙጥኝ ማለት፦ አጥብቆ መያዝ፣ መማጠን።

ጥያቄዎች

1. የመረብ ድራይቨር ከሌሎች ድራይቨሮች በምንና በምን ይለያል?
2. የተከራዩ ቁልፍ ምሳሌ የትኛውን ስሕተት ያስረዳል? በራሳችሁ ቃል አብራሩ።
3. 10,000 የነበረው ቍጥር 19,700 ሆኖ የተገኘው እንዴት ነው?
4. «እርማት ይፋ ሲሆን ያላደሰ ሰው ይበልጥ ይጋለጣል» የተባለው ለምንድን ነው?
5. በአካባቢያችሁ የሚሠራ የደቦ ሥራ መርጣችሁ፣ ከድራይቨር እርማት ሥራ ጋር እያነጻጸራችሁ አንድ አንቀጽ ጻፉ።